የሚጣል ስም የመረጠችው እናት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ድምፄም ጉንፋን ነክቶታል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን አንድ ዶክመንተሪ አይቼ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ስለ ዘፋኟ ፖሊ ስታይሪን ነው። ፓንክ የሚባለውን ጩኸት የበዛበት የሮክ ሙዚቃ የማትሰሙ ላታውቋት ትችላላችሁ። ፊልሙን ካዘጋጁት ሁለት ሰዎች አንዷ የገዛ ልጇ ናት፣ ሴሌስት ቤል።

እናትየዋ እንግሊዝ ውስጥ በ1957 ተወለደች። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። አባቷ ሶማሌ ነው፣ እናቷ ነጭ። ያደገችው ለንደን፣ ብሪክስተን ነው። 19 ዓመት በሞላት ዕለት ሄስቲንግስ ባሕር ዳር ላይ ሴክስ ፒስቶልስ የሚባሉት ፓንኮች ሲጫወቱ አየች። ከዚያ ማስታወቂያ አውጥታ ልጆች ሰበሰበችና ኤክስ ሬይ ስፔክስ የሚባል ባንድ መሠረተች። በ1977 የወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸው በለስላሳ ንግግር ይጀምራል። ተረጋግታችሁ ስትሰሙ ድንገት ትጮኻለች! ሳክስፎኑም አብሯት ይጮኻል። ጥርሷ ላይ ብሬስ፣ ያ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ነበራት፣ ለመደበቅ ግን አልሞከረችም።

ትክክለኛ ስሟ ሜሪያን ነው። ፖሊ ስታይሪንን ያገኘችው የንግድ ድርጅቶች የስልክ ማውጫ ስታገላብጥ ነው። ፖሊስታይሪን ማለት ያ ቴሌቪዥን ስንገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ነው። ተጠቅመን የምንጥለው። ዝነኛ ሰውም እንደዚያው ነው ለማለት ነው የመረጠችው። እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን፤ እሷ አውቃ የሚጣል ስም ወሰደች። ችግሩ ግን ፎም አይበሰብስም። በ2011፣ በ53 ዓመቷ በካንሰር ስትሞት ስሙ ከነፎቶው፣ ከነማስታወሻ ደብተሩ ለልጇ ቀረ።

ልጅቷ ደግሞ ከዚያ በፊትም ብዙ ተሸክማለች። እናቷ በ1978 በኮንሰርት ጉዞ ላይ እያለች ሰማይ ላይ ሮዝ ብርሃን አየሁ አለች። ሆስፒታል ገባች፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ነው ተባለ። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜትን ከጫፍ ጫፍ የሚወስደው ሕመም፣ መሆኑ የታወቀው በ1991 ነው። አስቡት፣ በመሃል ከ10 ዓመት በላይ አለ! ሴሌስት የተወለደችውና ያደገችው በዚያ መሃል ነው። እናትየው ሃሬ ክሪሽና የሚባለው የሂንዱ እምነት ማኅበር ገባች፤ ልጅቷ አብራት ትንሽ ኖረች፣ ኋላ ግን አያቷ ጋ ሄደች።

እና ሰዎች ሴሌስትን ምን ይጠይቋታል? «ጥሩ እናት ነበረች ወይ?»

እዚህ ጋ ፊልሙን አቆምኩት። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ፣ ሻዩንም አላፈላሁም።

የእኔ እናት ዘፋኝ አልነበረችም። ግን ለቅሶዋ ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራላትን ሴት አላውቃትም ነበር። «ተጫዋች ነበረች፣ ስትስቅ ቤቱ ይናወጥ ነበር» ይሉኛል። ቤት የማውቃት እናቴ ግን ዝም ያለች፣ የደከማት ሴት ናት። አንገቴን እየነቀነቅኩ አዎ አዎ እላለሁ፣ ውስጤ ግን ይቆጣል። ያንን ሳቅ ለእኔስ ለምን አላስቀረችልኝም? ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ ነገርኳችሁ።

የሴሌስትን ለቅሶ ደግሞ ገምቱት። የማታውቀው ሕዝብ ሁሉ እናቷን ያውቃል፣ ይወዳል፣ ዘፈኗ ሕይወቴን ቀየረው ይላል። እኔም ከነዚያ አንዷ ነኝ፤ ዘፈኑን ስንቴ ደጋግሜ እንደሰማሁት አትጠይቁኝ። ለእኔ ጩኸቱ ነፃ ነው። ሂሳቡን የከፈለችው ልጅቷ ናት።

ደስ ያለኝ፣ አልሸፋፈነችም። ግን አልከሰሰቻትምም። በ2019 መጽሐፍ፣ በ2021 ፊልም አወጣች፤ በሁለቱም ቁጣውም ፍቅሩም አለ። የእናቷን ማስታወሻ በፊልሙ ላይ የምታነበው ማን መሰለቻችሁ? ሩት ኔጋ። አዎ፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆነው፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ተዋናይት። ልጅቷ የእናቷን ቃል ከሌላ ሴት አፍ ትሰማለች። ምናልባት ከእናት አፍ ሲመጣ የማይሰማ ነገር አለ።

የእናቴ ሻንጣ አልጋዬ ሥር ነው። ውስጡ አንድ ካሴት አለ፤ ላዩ ላይ በእጅ ጽሑፏ «የሠርግ ጨዋታ» ይላል። ማጫወቻ ከጓደኛዬ ተውሼ አመጣሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው። ጓደኛዬ ትናንት ደውላ «መልሺልኝ እንጂ» አለችኝ፤ እስከ እሑድ ስጪኝ ብያታለሁ።

በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።