ጭሱ የእንጨቱ ጥፋት አይደለም

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ሰብሳቢያችን «ቤትን በእንጨት ማሞቅ ጥቅሙም ጉዳቱም ምን እንደሆነ ንገረን» ብለውኛል። ጥቅሙን ቶሎ ልጨርሰው፤ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ ምድጃው አይጠፋም። የተቆረጠው ዛፍ ከተተካ፣ ዓመታት ቢፈጅም፣ ሌላ ይበቅላል። እሳት ዳር የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ስልኩን ይረሳል። ይህን በቤቴ አይቻለሁ።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ባለፈው የብርድ ወቅት እኔ ቤት የሆነውን ግማሻችሁ አይታችኋል። ሁለታችሁማ ባልዲ ይዛችሁ ሮጣችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። በእሳት የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ውሃ ከተደፋ እንደሚሰነጠቅ ያን ማታ አብረን ተማርን።

ነገሩ የጀመረው ከእንጨት ሻጩ ነው። «ዓመት የቆየ፣ ደረቅ ነው» አለኝ። አመንኩት። ፍልጡን ምድጃ ውስጥ ስከት ጫፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ሽሽሽ ይላል። እኔ ሞኙ ደስ የሚል ድምፅ መስሎኝ ነበር! ውሃ ነው ለካ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል። ለምድጃ የሚሆነው ውሃው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል ይባላል፤ እኔ ምድጃ ውስጥ ግን እርጥቡ የደረቁንም ሙቀት በላው። ቤቱ አልሞቀም፣ እንጨቱ አለቀ።

ከዚያ የባሰውን ራሴ ጨመርኩበት። እስኪነጋ ይቆይልኝ ብዬ ማታ ማታ የአየር ማስገቢያውን እዘጋለሁ። አየር ያጣ እሳት አይነድም፣ ይጨሳል። ጭሱ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ምሽት ከጣሪያው በኩል አውሮፕላን የሚነሳ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል የተለጠፈው ሬንጅ እሳት ይዞ ቱቦው ፍም መስሏል። ልጆቹን እንዴት እንዳወጣኋቸው አላስታውስም። አንደኛው ባዶ እግሩን ነበር።

ይህን ሁሉ አይታችሁ አሁንም «አያቶቻችን በጭስ ኖረው ምን ሆኑ?» የምትሉ አላችሁ። ምን እንደሆኑማ ሳላቸውን የሰማ ያውቃል! ጭስ ውስጥ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ብናኝ አለ። በዓይን አይታይም፣ ሳንባ ውስጥ ግን ጠልቆ ይገባል። «ምድጃው የኔ ነው» አትበሉኝ። ምድጃው የእናንተ ነው፤ ጭሱ ግን የሚገባው በኔ መስኮት ነው!

ስለዚህ እንጨቱን ቀድማችሁ ፍለጡት። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት። ላዩን ሸፍኑ፣ ጎኑን ለነፋስ ተዉት። ጠንካራ እንጨት ሁለት ዓመት ሊፈልግ ይችላል። ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ የደረቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው። እሳቱን አነስ አድርጋችሁ አንድዱ እንጂ አታፍኑት።

ጭስ ማውጫ በየዓመቱ ይጠረግ። አመድ በብረት ዕቃ ውጭ ይቀመጥ፤ ፍም አመድ ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ከእሳት የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ግዙ።

የእርጥበት መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ነገ ጠዋት የፈቀደልኝ ሰው ግቢ እገባለሁ። የማን ክምር ቀድሞ መለካት እንዳለበት እሱ ራሱ ያውቃል፤ አሁን እየሳቀ ነው።