ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒት መውሰድ ይቻላል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። በዚህ ሳምንት የደወላችሁ አድማጮች ጥያቄያችሁ ይለያይ እንጂ አብዛኛው «እግዚአብሔር ተቀይሞኝ ይሆን?» የሚል ፍርሃት አለበት። ሰዓቱ የፈቀደልኝን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ ከደሴ፦ አባታችን፣ እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጸበል ይዣት ሄጄ ነበር። እዚያ ያገኘናቸው ሰዎች «መርፌውን ካልተውሽ ጸበሉ አይሠራልሽም፤ እምነትሽ ጎዶሎ ነው» አሏት። ከትናንት ጀምሮ አልወጋም ብላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ትምህርቱ ይደርሳል። አሁን ስልኩን ዝጊና እናትሽን ወደ ሐኪም ውሰጃቸው። ኢንሱሊን ያቋረጠ ሕመምተኛ በጥቂት ቀን ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ስናገር ልቤ ይቃጠላል፤ ምክንያቱም መድኃኒታቸውን ጸበል ቦታ ጥለው የቀሩ ሰዎች አሉ።

ወደ ቃሉ ስንመጣ፣ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። ሐኪሙንም አክብሩት ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ» ብሎ ጠርቶታል። ሉቃስ ወንጌል ስለጻፈ ሙያህን ካድ ያለው የለም። በአገራችንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ብዙ ሰዎች እንጦጦ ማርያም ለጸበል ሲሄዱ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ስለዚህ እናትሽን «እምነትሽ ጎዶሎ ነው» ያላቸው ሰው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አልነገራቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበላ የቆየ ሰው ስኳሩ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል፣ አንዳንዴም ይወድቃል። ጸበል ቦታ ይህን አይቶ «መንፈሱ ጮኸ» የሚል አይጠፋም። እናትሽ እንዲህ ከሆኑና መዋጥ ከቻሉ ቶሎ ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር ስጫቸው፤ መዋጥ ካቃታቸው በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ አድርሻቸው። ተመልሳችሁ ጸበል ስትሄዱ ለሐኪማቸው ንገሪው፤ ሰዓቱን ያስተካክልላቸዋል። ለአጥማቂው ካህንም ቀድመሽ አስረጂ። ጾሙንም ቢሆን በራሳቸው አይወስኑ፤ ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይምከሩ። የጾም ሥርዓታችን ለታመመ ሰው ቦታ አለው።

ጥያቄ ከአዳማ፦ አባ፣ ልጅ ከተሰጠኝ ሰንጋ አስገባለሁ ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ልጁ ተወልዶ እየሮጠ ነው። የሰንጋው ዋጋ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ባለቤቴ ተበድረን እናስገባ ትላለች። ልጁን ትኩሳት በያዘው ቁጥር «ስለቴን ስላላስገባሁ ነው» እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለትህን አለመርሳትህ ደግ ነው። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል ይላል። ግን ኦሪት ዘሌዋውያን 27፥8ን አንብበው። የተሳለው ሰው ድሀ ሆኖ የተተመነውን መክፈል ካቃተው ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለት ይላል። በዚያ ጥብቅ በምንለው በኦሪት ሕግ እንኳን ለድሀ እንዲህ ታስቦለታል! እመቤታችንም ጌታን ወደ ቤተ መቅደስ ስታመጣ ያቀረበችው የድሆችን መሥዋዕት ነው፤ ጠቦት መግዛት ላልቻለ የተፈቀደውን ሁለት ወፍ።

ስለዚህ ብድር አትግባ። የልጅህን ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ ነክተህም አታስገባ። ንስሐ አባትህ ጋ ሂድና ያለህን እውነቱን ንገራቸው። ጧፍም ይሁን ጃንጥላ፣ ወይም በየጊዜው የምታጠራቅመው ገንዘብ፣ እሳቸው ያሉህን ይዘህ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሂድ። መሄድ ካልቻልክ ለሚሄድ ሰው አደራ ስጥ።

የልጅህን ትኩሳት ግን ከስለቱ ጋር አታገናኘው። ሕፃን ይታመማል፤ ሐኪም ቤት ውሰደው። ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያዳነበትን ቀን ነው። ልጆችን ከእሳት ያወጣ መልአክ ያንተን ልጅ በትኩሳት ይዞ ዕዳ አይጠይቅህም።

ጥያቄ ከጎንደር፦ ውዳሴ ማርያም ስጀምር ሐሳቤ ገበያ ይሄዳል። ጸሎቴ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ ይቆጠርልሻል፣ እህቴ። ሐሳብሽ መሄዱን ባወቅሽ ጊዜ ካቆምሽበት ቀጥይ፤ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው አትጀምሪ። ድምፅ እያሰማሽ ማንበብም ይረዳል።

ጥያቄ ከሪያድ፦ አባቴ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ከቤትም አልወጣም። የሚሰጠኝ ምግብ ሥጋ ወይም ቅቤ አለው። ዐቢይ ጾምን ሳልጾም አለፈኝ። ክርስትናዬ የቀረ ይመስለኛል።

መልስ፦ አልቀረም፣ ልጄ። የቀረበት ሰው እንዲህ እያለቀሰ አይደውልም።

ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሰው እጅ ላይ ነበር። አልበላም ብሎ አልተጣላም፤ አሳላፊውን አሥር ቀን ጥራጥሬ ስጠንና ሞክረን ብሎ ለመነው። አንቺም ማዳምሽ ደህና ሰው ከሆነች ጠይቂያት። ረመዳንን የምትጾም ከሆነ ጾም ምን እንደሆነ ታውቃለች። «እኔም የጾም ወራት አለኝ፤ ፉልና ምስር ይበቃኛል» በያት። እምቢ ካለች ወይም የምትፈሪያት ከሆነ የተሰጠሽን ብዪ። ከንጋት እስከ ሌሊት በሥራ የምትደክሚ ልጅ ጉልበት ያስፈልግሻል፤ ረኃብ ላይ እንድትወድቂ እግዚአብሔር አይፈልግም። ምላስሽን ከክፉ ቃል መጠበቅ የሚከለክልሽ የለም፤ ይህም ጾም ነው።

ለጸሎት ደግሞ ዳዊትን ስልክሽ ላይ አውርጂ። ሥርዓቱ ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል፤ የዕለቱን ሙሉ ካልቻልሽ አንድ መዝሙር ይብቃሽ። ዕቃ እያጠብሽም አባታችን ሆይ ማለት ይቻላል። አገር ቤት ያሉትን ንስሐ አባትሽን በስልክ አግኚያቸው። የጾሙን ነገር እንደ ሁኔታሽ ይወስኑልሻል፤ ቁርባንም አገርሽ ስትገቢ እንዴት እንደምትዘጋጂ ከአሁኑ ይነግሩሻል። ንስሐ አባት ከሌለሽ ቤተሰቦችሽ የሚሳለሙበትን ደብር ይጠይቁልሽና አንድ ካህን ያገናኙሽ።