የቆሮሶ ዓይን

ሄኖክ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ ርዕሳችን ከእንስሳ ወደ ሰው የሚሰፋ የዓይን ብሌን፣ ኮርኒያ ነው፤ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን...

መቅደስ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሠራኸውን ንገራቸው።

ሄኖክ፦ ምን ሠራሁ? የዓሣ ዓይን በላሁ። የሐዋሳ ልጅ ነኛ!

መቅደስ፦ አስተናጋጇ ፊቷን አዞረች እኮ!

ሄኖክ፦ ርዕሱ ራሱ ከዚያ ነው የመጣው። የአያቴን አንድ ዓይን ትራኮማ አጥፍቶት ነበር፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ፍቆ ፍቆ ነጭ አደረገው። እኔ ልጅ ነኝ፣ አሞራ ገደል ሄጄ ደህና የቆሮሶ ዓይን መረጥኩ። የአምባዛማ ሽምብራ አያህልም። ከአባ ኮዳ፣ ከዚያ ትልቅ ወፍ፣ ተሻምቼ፣ በላስቲክ ቋጥሬ፣ «ይኼን ያስገቡልሽ» አልኳት።

መቅደስ፦ ወይኔ! ምን አለች?

ሄኖክ፦ «በፆም ዓሣ ቤቴ ታስገባለህ?»

መቅደስ፦ (ሳቅ) እሺ፣ ርዕሱስ?

ሄኖክ፦ መጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1838 ኒውዮርክ ላይ ኪሳም የሚባል ሐኪም የአሳማ ኮርኒያ ለሰው ሰፋ። ብዙ ሳይቆይ ደፈረሰ።

መቅደስ፦ ያኔ ማደንዘዣ ነበር?

ሄኖክ፦ የት አባቱ! የአሳማ ችግሩ ደግሞ፣ ሴሉ ላይ አልፋ ጋል የሚባል ስኳር አለው፣ እኛ የለንም። አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ግን አላቸው፤ ስለዚህ ሰውነታችን ስኳሩን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጠላትነት ያውቀዋል። ኩላሊት ቢሆን በሰዓታት ውስጥ ያበላሸዋል። ኮርኒያ ደም ስር ስለሌለው ጥቃቱ ይዘገያል። ደም ስር ከበቀለበት ግን መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። የአያቴ ደግሞ በቅሎበታል! የሰው እንኳ ቢሰፉላት አስቸጋሪ ነበር።

መቅደስ፦ ስኳሩን አያጠፉትም?

ሄኖክ፦ ዘረመሉን ነክተው ያጠፉታል፤ ሌላ የባዕድነት ምልክት ግን ይቀራል። ቻይኖች ደግሞ ሴሉን አጥበው አውጥተው ቀሪውን ይሰፋሉ።

መቅደስ፦ እኔ አሳማ አላስገባም።

ሄኖክ፦ ብዪው ማን አለሽ?

መቅደስ፦ ዓይኔ ላይ ይዤው ቤተ ክርስቲያን ልሂድ? የሰው ይሻለኛል። ዓይን ባንክ አለን አይደል?

ሄኖክ፦ አንቺ ለመለገስ ቃል ገብተሻል?

መቅደስ፦ ...እገባለሁ።

ሄኖክ፦ አየሽ!

መቅደስ፦ እገባለሁ አልኩ! አሳማውን ግን አልቀበልም።

ሄኖክ፦ ካልታየሽ ትቀበያለሽ።

መቅደስ፦ አልቀበልም። ለመሆኑ የቆሮሶው ዓይን የት ደረሰ?

ሄኖክ፦ ድመቷ በላችው። እሷ አትፆምም።