የከባድ ሥራ ቢላ እጀታ፦ ልሙጡና ሻካራው

(ምስል፦ ሁለት ወፋፍራም ቢላዎች ጎን ለጎን፤ የአንዱ እጀታ የሚያብረቀርቅ፣ የሌላው በጥልቅ መስመሮች የተፈለፈለ)

በዚህ ቪዲዮ የምንነጋገርበት ቢላ የወጥ ቤት ቢላ አይደለም። ከቤት ውጭ ቅርንጫፍ ለመመልመል፣ እንጨት በዱላ እየተመታ ለመሰንጠቅ፣ ችካል ለመቅረጽ፣ አልፎ አልፎም የታደነ እንስሳ ለመግፈፍ የሚያገለግል ወፍራምና ከበድ ያለ መሣሪያ ነው። ስለ እንዲህ ዓይነት ቢላ ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው፤ ምን ያህል ጠንካራ ነው፣ ስለቱስ እስከ መቼ ይቆያል ይባላል። ቀኑን ሙሉ መዳፍ ውስጥ የሚውለው ግን እጀታው ነው። እጀታን በተመለከተ ደግሞ ገዢዎች ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ፦ አንዱ ወገን ልሙጥ እጀታ ከእጅ ያመልጣል ይላል፤ ሌላው ሻካራ እጀታ እጅ ይልጣል ይላል። ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው፤ ችግሩ ሁለቱም ስለ ገጹ ብቻ መናገራቸው ነው። ቢላን ከእጅ እንዳይወጣ የሚይዘው በመጀመሪያ የእጀታው ቅርጽ ሲሆን፣ ሻካራነት ቅርጹ ሊሸፍነው ያልቻለውን ጉድለት ለመሙላት የሚመጣ ረዳት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 450 ግራም የሚመዝን ቢላ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ሲወዛወዝ፣ የክብደቱ መሃል ከክንዱ መዞሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት ይጓዛል እንበል። በዚያች ቅጽበት ቢላው ከእጅ ወጥቶ እንዳይሄድ ወደ ኋላ መሳብ ያለበት ኃይል 75 ኒውተን ነው፤ ይህም ከሰባት ኪሎ ተኩል የማያንስ ዕቃ እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ፊት እንደሚጎትተው ማለት ነው። እጀታው ቀጥ ያለ ዘንግ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሰበቃ፣ ማለትም ሁለት ገጾች ሲነካኩ መንሸራተትን የሚቃወመው ኃይል ብቻ ነበር። የሰበቃው መጠን፣ ማለትም ሰበቃው ከግፊቱ ምን ያህሉ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.5 ሲሆን የጣቶችና የመዳፍ ግፊት ተደምሮ 150 ኒውተን መድረስ ይኖርበታል። እጀታው ረጥቦ መጠኑ ወደ 0.2 ቢወርድ ግን የሚያስፈልገው ግፊት 375 ኒውተን ይሆናል። ለአንድ ምት እጅ ይህን ይችለዋል፤ አንድን ግንድ ለመጣል በሚያስፈልጉት ብዙ ምቶች ሁሉ በዚያ ልክ መጭመቅ ግን የክንድ ጡንቻን ቶሎ ያዝላል፤ የዛለ እጅ ደግሞ ይለቃል።

(ምስል፦ ጫፉ ሰፍቶ ወደ ታች የጎበጠ እጀታ፤ ትንሿ ጣት ጉብታው ላይ ስታርፍ)

አሁን የእጀታውን ጫፍ ሰፋ አድርገን ወደ ታች እናጉብጠው። ያ ሁሉ ጉተታ ትንሿን ጣትና የመዳፉን ግርጌ ይገፋል እንጂ በቆዳው ላይ እየተንሸራተተ አያልፍም። ሰበቃው ቢቀንስ እንኳ ቢላው የሚሄድበት ቦታ የለውም። የኔፓሉ ኩክሪና የማሌዥያው ፓራንግ፣ ሁለቱም ለመቁረጥ የተሠሩ ከባድ መሣሪያዎች፣ እጀታቸው በአብዛኛው ልሙጥ እንጨት ወይም ቀንድ ሆኖ ሳለ በእርጥበትና በላብ መሃል ሲያገለግሉ የኖሩት ጫፋቸው ሰፊ ስለሆነ ነው። የኩክሪው እጀታ መሃሉ ላይ አንድ ከፍ ያለ ቀለበት አለው፤ ከዚያ በቀር ገጹ የተወለወለ ነው። የመጥረቢያ እጀታም እንዲሁ ልሙጥ ነው፤ ይህ የሆነው ግን ለሌላ ምክንያት ጭምር ነው፦ ላይኛው እጅ በእያንዳንዱ ምት በእንጨቱ ላይ ወርዶ ከታችኛው ጋር መገናኘት አለበት። የቢላ እጅ ይህን ያህል አይጓዝም፤ ነገር ግን እሱም ቢሆን ቦታ ይቀያይራል፤ ለመቁረጥ ወደ ኋላ፣ ለመቅረጽ ወደ ስለቱ ሥር ይጠጋል። ሻካራ እጀታ እያንዳንዱን ቅይይር ያከብደዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ማለትም እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት፣ የሚያስፈልገው በስለቱና በእጀታው መጋጠሚያ ላይ ያለው የጣት መከላከያ ነው። የፊንላንዶች ባህላዊ ቢላ ፑኮ ልሙጥ የበርች እንጨት እጀታ ኖሮት መከላከያ የሌለው ለመቅረጽና ለመቁረጥ እንጂ በኃይል ለመውጋት ስላልታሰበ ነው። በዚያ ዓይነት ቢላ ጠንካራ ነገር በጫፉ የሚወጋ ሰው ጣቶቹን አደጋ ላይ ይጥላል፤ እጀታውን ማሻከር አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስወግደውም።

እንግዲህ ቅርጹ ይህን ሁሉ ከሠራ ሻካራነት ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው በእጅና በእጀታ መካከል በሚገባው ፈሳሽ ላይ ነው። ቆዳ ለስላሳ ስለሆነ ደረቅ ልሙጥ ገጽ ላይ ተጭኖ ሲያርፍ በሰፊው ይነካዋል፤ ትንሽ ወዝ ሲኖረውም ይበልጥ ይለሰልስና ይበልጥ ይጣበቃል። ስለዚህ በደረቅ ቀን ልሙጥ እጀታ በደንብ ይያዛል። ውኃው በዝቶ በመሃል ስስ ሽፋን ሲሠራ ግን ቆዳው እጀታውን መንካቱን ትቶ ፈሳሹ ላይ ይንሳፈፋል። የመኪና ጎማም እንዲሁ ነው፦ በደረቅ መንገድ መስመር የሌለው የውድድር ጎማ ከሌላው ይበልጥ ይይዛል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ውኃውን ወደ ጎን የሚያወጡ መስመሮች የሌሉት ጎማ ይንሸራተታል። በእጀታ ላይ ያሉት ጭረቶችና ነጠብጣቦች ሥራቸው ይኸው ነው፤ ፈሳሹ የሚሄድበትን ቦይ ይከፍታሉ፣ ጉብታዎቹም የፈሳሹን ሽፋን በስተው ቆዳውን ያገኙታል። በነገራችን ላይ ውኃ ውስጥ የቆዩ ጣቶች የሚጨማደዱት ውኃ ጠጥተው ስላበጡ ብቻ አይደለም፤ መጨማደዱ በነርቮች ትእዛዝ የሚሆን ሲሆን ነርቩ የተጎዳ ጣት አይጨማደድም። ይህ መጨማደድ እርጥብ ነገርን ለመያዝ ይረዳል የሚል ማብራሪያ ቀርቧል።

(ምስል፦ መዳፍ በቅርበት፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ቀልቶ ውኃ የቋጠረ ቆዳ)

የሻካራነት ዋጋ የሚከፈለው በቆዳ ነው። ብዙዎች እጅ ውኃ የሚቋጥረው ቆዳው ከላይ ስለሚፋቅ ይመስላቸዋል። ውኃ የሚቋጥረው ግን የላይኛው የቆዳ ክፍል ከእጀታው ጋር ተጣብቆ ሲቀር በሥሩ ያለው አጥንት ከምቱ ጋር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ፣ በመካከል ያለው የቆዳ ንብርብር ደጋግሞ ተስቦ በመላቀቁና ክፍተቱን ፈሳሽ በመሙላቱ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ይገለበጣል፦ እጀታው ይበልጥ በያዘ መጠን ቆዳው ይበልጥ ይሳባል። ትንሽ የሚንሸራተት እጀታ ያን ጉተታ ከፊሉን ይለቀዋል። ለሁለት ደቂቃ ሱቅ ውስጥ ሲያዝ «እጅ ላይ ተጣብቆ ይቀራል» የሚያሰኝ ሹል የአልማዝ ቅርጽ ያለው እጀታ ከአንድ ሰዓት የማያቋርጥ ሥራ በኋላ የሚጠላው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሻካራ እጀታዎች የሚነደፉት በሱቅ ውስጥ ለሚያዙበት ቅጽበት ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ወደ ቁሳቁሱ ይመጣል፤ ምክንያቱም «ልሙጥ» የሚለው ቃል የሚያብረቀርቀውንም፣ ጭረት ሳይኖረው ደብዘዝ ያለውንም አንድ ላይ ይጠቀልላል፤ ሁለቱ ግን እጅ ውስጥ የተለያዩ ናቸው። ለዚህ ከማይካርታ የተሻለ ምሳሌ የለም። ማይካርታ በ1910 አካባቢ በአሜሪካው የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ለኤሌክትሪክ መከላከያነት የተሠራ ሲሆን፣ ሸራ፣ በፍታ ወይም ወረቀት በፊኖል ሙጫ ተነክሮ፣ ተነባብሮና በሙቀት ተጨምቆ የሚወጣ ጠንካራ ሰሌዳ ነው። እስኪያበራ ድረስ ከተወለወለ እንደ መስታወት ልሙጥ ይሆንና ሲረጥብ ያዳልጣል። የሸራው ማይካርታ በብርጭቆ ወረቀት ደብዘዝ ተደርጎ ከተተወ ግን ገጹ ላይ የተጋለጡት የሸራ ክሮች እርጥበት ትንሽ ይመጥጡና ገጹ ሲረጥብ ይበልጥ የሚይዝ ይሆናል። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ቅርጽ፣ ምንም ዓይነት የተፈለፈለ መስመር ሳይኖር፣ በአወላወሉ ብቻ ሁለት የተለያዩ እጀታዎች ይወጡታል። ለከባድ ሥራ ቢላ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ጂ-10 የሚባለው የመስታወት ክር ጨርቅ በኢፖክሲ ሙጫ ተይዞ የሚሠራ ነው፤ ውኃ አይመጥጥም፣ ስለዚህም ገጹ ላይ ያለው ቅርጽ ብቻ ነው የሚሠራው። በጥልቀት ከተፈለፈለ እንደ ሞረድ ይሆናል፤ ጥፋቱ እጅ ላይ ብቻ ሳይሆን የሱሪ ኪስ ላይም ይታያል። በመስታወት ክር የተጠናከረ ናይሎን ርካሽና በቀላሉ የማይሰበር ነው፤ ልሙጥ ሆኖ ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር በላብ ጊዜ ያሳስባል። ጎማ መሰል እጀታ ምቱን ያለዝባል፣ ሲረጥብም ይይዛል፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ በትንኝ መከላከያ ቅባት ውስጥ ያለው ዲት የተባለው ኬሚካል ሲነካቸው ይሟሟሉ፤ ቀስ በቀስም ከብረቱ ሊላቀቁ ይችላሉ። በ1942 ለአሜሪካ የባሕር ወለድ ጦር የቀረበው ካባር የተባለው ቢላ እጀታው ከተደራረቡ የቆዳ ክቦች ተሠርቶ ዙሪያውን ጥልቀት የሌላቸው ቦዮች አሉት። ቆዳው ላብ ይመጥጣል፤ የቦዮቹ ጠርዝ ስለታም ባለመሆኑም እጅ አይቧጭርም።

ካባሩ ሌላም ነገር ያሳየናል፤ የመስመሩ አቅጣጫ ወሳኝ ነው። እጀታውን በዙሪያው የሚያቋርጥ ቦይ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይሄድ ያግዳል። በቁመቱ የሚሄድ ቦይ ደግሞ እጀታው እጅ ውስጥ እንዳይዞር ይከላከላል፤ ይህን ሁለተኛውን ሥራ ግን ክብ ያልሆነ፣ ሞላላ እጀታ ያለ ምንም መስመር ይሠራዋል። ቦታውም እንደ አቅጣጫው ነው። በጎንና በጎን ያሉት ጠፍጣፋ ክፍሎች ጣቶች ጨምቀው የሚይዙባቸው ስለሆኑ መሻከራቸው ይጠቅማል፤ የምቱ ጉልበት መዳፍን የሚመታበት ጀርባው ግን ክብና ልሙጥ መሆን አለበት። ዙሪያውን በሙሉ አንድ ዓይነት ሻካራ የተደረገ እጀታ ስመለከት ንድፉን የሠራው ሰው ስለ ሥራው ብዙም እንዳላሰበ እጠረጥራለሁ።

እንስሳ በሚገፈፍበት ጊዜ ሒሳቡ ይለወጣል። ስብ ከውኃ በላይ ያዳልጣል፣ ጥልቀት የሌለውን ጭረትም ቶሎ ይሞላዋል። ለዚያ ሥራ ሰፋ ሰፋ ያሉ ቦዮችና ጥሩ የጣት መከላከያ ያስፈልጋሉ፤ ከሥራው በኋላም በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ማጽዳት ግዴታ ነው። ደምና ስብ በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ሲቀር ይሸታል፤ በእጀታው ሥር ያለውን ብረትም ያዝገዋል። ጭቃም ቦዮችን ይደፍናል። ወፍራም ጓንት ያደረገ ሰው ጥቃቅኑን ሻካራነት አይሰማውም፤ የሚሰማው ቅርጹ ብቻ ነው። በብርድ እጁ የደነዘዘ ሰው ግን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ ስለማያውቅ ለእርሱ ትንሽ ሻካራነት ይጠቅመዋል።

(ምስል፦ ስለቱ በአፎቱ ውስጥ ያለ ቢላ፤ ሳሙና የተቀባ እጅ)

እጀታን ለመፈተን ስለቱን አፎቱ ውስጥ አድርጎ በደንብ ማሰር፣ እጅን በሳሙና ማርጠብ፣ ቢላውን ላላ አድርጎ ይዞ ወደ መሬት ማወዛወዝ ነው። ላላ ተደርጎ ተይዞም የማይወጣ ከሆነ ቅርጹ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው፤ የቀረው ገጹ ነው፤ ገጽ ደግሞ ይታረማል። የሚያብረቀርቅ እንጨት ወይም ማይካርታ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከቁመቱ አግድም ሲታሽ ይደበዝዛል። የሚቧጭር ጂ-10 በ400 ቁጥር ወረቀት ጉብታዎቹ ብቻ ሲነኩ ይለዝባል፤ ይህ ግን በውኃ እያረጠቡና የአፍና አፍንጫ መከላከያ አድርጎ የሚሠራ ነው፤ የመስታወቱ ብናኝ ሳንባን ይጎዳልና። የእንጨት እጀታ ከታሸ በኋላ በስሱ የተልባ ዘይት ይቀባል፤ የተቀባበት ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ጥግ ውስጥ አይጣልም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጠቀለለው ጨርቅ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።