ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ቤት ሲነደፍ፦ ወጥ ቤቱ ወዴት ይዙር?

እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የምናየው ማኅበራዊ ቤቶች (መንግሥት ወይም ማኅበር ሠርቶ በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጣቸው ቤቶች) ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት እንዲመቹ ሆነው እንዴት እንደሚነደፉ ነው።

እስቲ ረዳት የሌለውን የታክሲ ሹፌር አስቡት። ይነዳል፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ መልስ ይሰጣል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሁሉም እሱ ነው! መሪውን ለቆ ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። ታዲያ ምን ይሻለዋል? ሰፋ ያለ መኪና? ሰፊ መኪናማ ያብስበታል፤ የኋላው ወንበር ይርቀዋል። የሚያስፈልገው ስፖኪዮ ነው። ከተቀመጠበት ሳይነሣ በሩን የሚያይበት ስፖኪዮ። እንግዲህ ወጥ ቤቱ መሪው ነው፣ የወጥ ቤቱ መስኮት ስፖኪዮው። ያዙልኝ፤ መስኮቱ ስፖኪዮው ነው!

አሁን ቶሎ ቶሎ እንሂድ። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ልጆቹ መጫወቻ ይዙር፤ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ላይ ይጀምር። 1.5 ሜትር ላይ ከተሰቀለ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ከ4ኛ ፎቅ በላይ የልጅ ፊት ለመለየትም ተጣርቶ ለመሰማትም ይከብዳል፤ ስለዚህ ልጅ ላላቸው ታችኛዎቹ ፎቆች። የሕፃን ጋሪ ማስቀመጫው መግቢያው አጠገብ፣ ያለ ደረጃ፤ ራምፑ (ተዳፋት መወጣጫው) ከ1 ለ12 አይበልጥ፤ ማለትም 1 ሜትር ከፍ ለማለት ቢያንስ 12 ሜትር ይርዘም። መኝታ ክፍሎቹ እኩል ይሁኑ። አንድ ትልቅ፣ አንድ ጠባብ ማድረግ ለባልና ሚስት የታሰበ ልማድ ነው።

አስተያየት ላይ ደጋግማችሁ የጻፋችሁት ግን አለ፦ «ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች ብቻ ሕንፃ ይሠራ እያላችሁ ነው?» አይደለም! በኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና፣ ፍሎሪድስዶርፍ በተባለው ክፍል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጠናቀቀውን ሰፈር ተመልከቱ፤ 357 ቤቶች፣ የነደፉት ሴት አርክቴክቶች፣ መዋዕለ ሕፃናቱ እዚያው ግቢ ውስጥ። የሚኖርበት ግን ሁሉም ዓይነት ቤተሰብ ነው። ለምን? ሁሉም ጎረቤት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት የሚሮጥ ከሆነ ማን ለማን ልጅ ይይዛል? ጡረተኛውም ተማሪውም ያስፈልጋሉ። ደግሞስ ልጁ ሲያድግ እናትየዋ ቤቱን ትልቀቅ?

ለነጠላ ወላጆች ብቻ ሲሠራም በሩ ለሰፈሩ ይከፈት። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የለንደኑ የቤቶች ድርጅት ኒና ዌስት ሆምስ፣ ፊዮና ሃውስ በተባለው ሕንፃው ኮሪደሩን የልጆች መጫወቻ አደረገው፤ የወጥ ቤቶቹ መስኮቶችም ወደዚያ ያያሉ። ስፖኪዮ! የሕፃናት ማቆያውን የሰፈሩም ሰው እየከፈለ ይጠቀምበት ነበር። ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ይህ ነው።

ኮሪደሩን መጫወቻ ለማድረግ የምትሞክሩ አርክቴክቶች ግን፣ ለእሳት አደጋ ማምለጫ የሚፈለገውን ስፋት መጀመሪያ ለዩ፤ መጫወቻው የሚሠራው ከዚያ በሚተርፈው ላይ ነው። ስሌቱን በሚቀጥለው ቪዲዮ እናሳያለን፤ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁን።