አንባቢን በስም ማወቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ እንደምን ከረማችሁ? በዛሬው ዝግጅት እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። በዚህ አንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ለማሳተም የተሰናዱ ሦስት ወጣት ጸሐፊዎች በየተራ ደውለው «ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አንባቢውን ግን ከየት ላግኘው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። በስልክ የሰጠኋቸው መልስ ለራሴም አላረካኝም። ስለዚህ እኔ ያለፍኩበትን መንገድ ከነስሕተቱ ላወራላችሁ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ልብ ወለዴ የታተመው በ2009 ዓ.ም. ነው። ያሳተምኩት 2,000 ቅጂ ሲሆን፣ ለማተሚያ ቤቱ የከፈልኩት ገንዘብ ከደመወዜ ያጠራቀምኩትና እናቴ ዕቁብ ሲደርሳት የሰጠችኝ ነበር። የምርቃቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ፣ የማከብራቸው ታላላቆቼ ስለ ሥራው ተናግረው፣ ሰው ተሰልፎ እያስፈረመኝ 140 ያህል ቅጂ ተሸጠ። የቀረውን በማግሥቱ ለአንድ አከፋፋይ አስረከብኩ፤ ውላችን ከሽፋን ዋጋው 35 በመቶውን እርሱ እንዲወስድ፣ ቀሪውን ደግሞ ሲሸጥ እንዲከፍለኝ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፌ ምንም ሳልሰማ አንድ ዓመት አለፈ። ዓመቱ ሲሞላ 1,100 ቅጂ፣ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ በታሰረበት ሲባጎ እንደታሰረ፣ ተመልሶ መጣልኝ። ካርቶኖቹ የመኝታ ክፍሌን ግድግዳ ይዘው እስከ መስኮቱ ድረስ ተደረደሩ።

ያን ጊዜ ዓይኔ ያረፈው በተመለሰው መጽሐፍ ላይ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ይበልጥ የሚቆጨኝ የተሸጠው ነው። በአከፋፋዩ በኩል ከ700 የሚበልጡ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው መጽሐፌን ወስደዋል፤ ከእነርሱ መካከል የአንዱንም ስም አላውቅም ነበር። መጽሐፉን ወደውት ይሁን አጋምሰው ትተውት፣ አዲስ አበባ ይኑሩ ጎንደር፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሁለተኛ መጽሐፍ ባወጣ ደግሞ ሄጄ «እነሆ» የምለው ሰው የለኝም፤ እንደገና ከዜሮ ልጀምር ነው።

በዚያው ሰሞን አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መጽሐፍ አዟሪ አገኘሁ። ከክርኑ እስከ አገጩ የደረደረውን መጽሐፍ በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላው መልስ ይቆጥራል። የእኔ መጽሐፍ በእጁ ካለ ጠየቅሁት። «እህቴ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ይዤው ነበር» አለኝ በትሕትና። «ሰው እኔ ጋ ሲመጣ የጸሐፊውን ስም ጠርቶ ነው። የአንቺን ስም እስካሁን የጠራልኝ ሰው የለም።» የተናገረው ሊያስከፋኝ ብሎ አልነበረም፤ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነውና ያየውን ነገረኝ። መንገዱን ሁሉ ሳሰላስለው የነበረው ይህንኑ ነው፤ ሰው ያላወቀውን ስም እንዴት ይጥራ?

መልሱን ያገኘሁት ከአባቴ ነው ማለት እችላለሁ። አባቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገልጦ አላነበበም። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ግን እንደ ጎረቤት ልጆች ያውቃቸዋል፤ ያወቃቸውም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ተዋናዩ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ሲተርከው ፊደል ላልቆጠረውም፣ መጽሐፍ መግዣ ላጣውም ደረሰ። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ያዳምጥ እንደነበር አባቴ ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይለወጣል። በእኛ ሀገር ታሪክ ከዓይን በፊት በጆሮ እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈለግሁም።

በ2012 ዓ.ም. የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩና ዘወትር ቅዳሜ ማታ በሦስት ሰዓት ከመጽሐፌ አሥር ደቂቃ ያህል እያነበብኩ መልቀቅ ጀመርኩ። ስቱዲዮ አልነበረኝም፤ የምቀዳው የልብስ ቁም ሣጥኔን ከፍቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ስልኬን ከአፌ አንድ ስንዝር አርቄ ይዤ ነበር፤ ልብሱና ጋቢው የክፍሉን ማስተጋባት ይውጡታል። ድምፅን የመረጥኩት ስለ አባቴ ብቻ አይደለም። የአሥር ደቂቃ ንባብ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ስለሚወስድ፣ ለኢንተርኔት ጥቅል ብዙ መክፈል የማይችል ሰውም ያወርደዋል። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት የሚያዳምጠኝ ከ60 ሰው አይበልጥም ነበር። ለሚጠይቁኝ ወጣቶች አጥብቄ የምነግራቸው ይህን ወቅት ነው፤ በእነዚያ አራት ወራት አንዲትም ቅዳሜ አልዘለልኩም፤ ሰዓቱንም አላዛነፍኩም። አድማጭ የሚለምደው መጀመሪያ ሰዓቱን ነውና።

በስድስተኛው ወር አንዲት ሴት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የምትኖረው ሪያድ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ነው፤ ትውልዷ ወሎ ነው። ንባቤን የምትሰማው ሥራዋን ጨርሳ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ መሆኑን ነገረችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «እታለም፣ ታሪኩን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ልጅቱ በጥር ወር አረንጓዴ ጤፍ ውስጥ ሮጠች ብለሻል። ጥር ላይ የቆመ ጤፍ የት አገር አየሽ? በጥር እኮ ጤፉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ አውድማ ላይ ነው።» እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ይህን አላወቅሁም። ረቂቁን ካነበቡልኝ ሰዎች፣ በምርቃቱ ዕለት ከተናገሩት ምሁራንም አንድም ሰው አላነሣውም። ከሀገር ርቃ፣ በሌሊት፣ በጆሮዋ የሰማች አንዲት የገበሬ ልጅ አየችው። አመስግኜ መለስኩላት፤ ስሟንና የነገረችኝን በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ጻፍኩት። የደብተሩ የመጀመሪያ ስም የእርሷ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጽፉልኝን ሰዎች ስምና ከተማ እዚያው ላይ እመዘግብ ጀመር።

የደብተሩ ጥቅም በደንብ የገባኝ በ2013 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት የገነባሁት፣ 11,000 ተከታይ የነበረው አንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ነበረኝ። አንድ ጠዋት ስነሣ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ፣ በስሜ የማላውቀው ዕቃ ሲሸጥበት አገኘሁት። ገጹን ለማስመለስ ሁለት ወር ጻፍኩ፤ መልስ አላገኘሁም። ከ11,000 ሰዎች ውስጥ በእጄ የቀሩት በደብተሬ ላይ የነበሩት ብቻ ናቸው። በዚያን ጊዜ 230 አይሞሉም። አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም። ነገር ግን 230 ሰው በስምና በከተማው የሚያውቅ ጸሐፊ ባዶ እጁን እንዳልሆነ የተረዳሁትም ያን ዕለት ነው።

ስለ ጸሐፊና አንባቢ ግንኙነት በውጭ ሀገር የተጻፉ ምክሮች አብዛኛዎቹ «የአንባቢዎችህን ኢሜይል ሰብስብ» ይላሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አድራሻው በጸሐፊው እጅ ይሁን ማለት ነው። ሆኖም የእኔ አንባቢ ኢሜይሉን የሚከፍተው ለሥራ ማመልከቻ ካልሆነ በቀር እምብዛም ነው፤ ስልኩን ግን ከእጁ አያወጣም። ስለዚህ በሁለተኛው መጽሐፌ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ አጭር አንቀጽ አስገባሁ፤ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ፈቃዱ ከሆነ ስሙንና የሚኖርበትን ከተማ በዚህ የቴሌግራም አድራሻ ይላክልኝ የምትል ናት። የሚጽፍልኝን ሰው ከመጽሐፍ ጉዳይ ውጭ በምንም አልረብሸውም፤ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይም አልጽፍለትም። ይህን ቃሌን እስካሁን አላፈረስኩም።

ሁለተኛው መጽሐፌ በ2014 ዓ.ም. ከመታተሙ በፊት በደብተሩ ላሉት ሁሉ ጻፍኩና አስቀድመው እንዲገዙኝ ጠየቅሁ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ትልቅ እገዛ ሆነልኝ፤ ደሴ ያለ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ከፈለኝ። የመጣው ገንዘብ ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ በቃ። ወረቀት ከውጭ በምንዛሬ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው በየጊዜው ይንራል፤ ቀብዱን ቀድሞ መክፈል መቻል ለአንድ ጸሐፊ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደውን መጽሐፍ ማልጄ አውቶቡስ ተራ እየወሰድኩ እጭናለሁ፤ የመኪናውን ታርጋና የሾፌሩን ስልክ ለአንባቢው እልክለታለሁ፤ ማታ «ደረሰልኝ» ይለኛል። ከዚያ በፊት መጽሐፌ አንባቢው እጅ የገባበትን ሰዓት አውቄ አላውቅም ነበር። አሜሪካ ለሚኖሩት ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በሚሄድ ሰው ሻንጣ፣ ከ23 ኪሎው በተረፈው ቦታ እልካለሁ።

አንድ የሚያሳምም ነገርም ልንገራችሁ። ሁለተኛው መጽሐፍ በወጣ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሙሉ መጽሐፉ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ፣ ስሙን በማልጠራው ቻናል በነጻ ሲሰራጭ አየሁት። ገጽ 47 ጥግ ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ የያዘው ሰው አውራ ጣት አብሮ ተነሥቷል። 310 ገጽ አንድ በአንድ ሲያነሣ መዋሉን ሳስብ ከንዴቴ በላይ ግራ ገባኝ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊን መብት በግልጽ ይጠብቃል፤ እኔ ግን በዚያች ማታ ያደረግሁት ለደብተሩ ሰዎች የሆነውን መጻፍ ብቻ ነበር። እኔን ከማያውቅ ሰው ምሕረት አልጠበቅሁም። የሚያውቁኝ ግን ወደ ቻናሉ ገብተው በጨዋ ቃል «ይህች ጸሐፊ እንጀራ የምትበላው በዚህ ሥራዋ ነው» እያሉ መጻፍ ጀመሩ፤ በሦስተኛው ቀን ፋይሉ ከቻናሉ ተሰረዘ። ጠበቃ ብቀጥር ይህን ያህል በፍጥነት የሚሆን አይመስለኝም።

የመጀመሪያው መጽሐፌ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ኅትመት ደረሰለት። የመጨረሻው እርማት ከማተሚያ ቤት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የገለጥኩት ምዕራፍ አራትን ነበር፤ «ጥር» የሚለው ቃል ወጥቶ «መስከረም» ገብቷል። ገጹን በስልኬ አነሣሁና ወደ ሪያድ ላክሁት። መልሷ የመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፦ «አሁን ጤፉ ቦታውን አገኘ፣ እታለም። የፊታችን ቅዳሜ ከየት ነው የምትቀጥዪው?»