ብቻውን ተራራ ለሚወጣ ሰው፦ ከአውሬ ጋር ፊት ለፊት

የተከበራችሁ የተራራ ጉዞ ክበባችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣

እንደምን አመሻችሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ብቻውን ተራራ የወጣ ሰው አደገኛ አውሬ ቢያጋጥመው እንዴት ሊተርፍ ይችላል የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ጉልበትና ስለ ወኔ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ ስለ ዝምታ መናገር እፈልጋለሁ። በቡድን ስንጓዝ እናወራለን፣ እንስቃለን፣ ወደ ኋላ የቀረውን እንጣራለን፤ አውሬውም ድምፃችንን ከሩቅ ሰምቶ፣ እኛ ሳናየው መንገዱን ይለቅልናል። ብቸኛው ተጓዥ ግን የሚያናግረው ሰው ስለሌለ ኮቴው እንኳ በቅጡ አይሰማም፤ ነፋሱ ከፊት ለፊቱ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ጠረኑም ወደ አውሬው አይደርስም። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ሳይታሰብ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ይፋጠጣሉ። አውሬው ግልገል ይዞ ከሆነ ደግሞ የሚሸሽበት ምክንያት የለውም።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በጃፓን፣ በሳይታማ ክፍለ ግዛት በሚገኘው በፉታጎ ተራራ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ብቻውን የነበረ አንድ ተራራ ወጪ ጠባቡን የቋጥኝ ሸንተረር በእጁም በእግሩም እየተያያዘ ሳለ፣ ጥቁር ድብ ከበላዩ ተወርውራ መጣችበት። ይዞት የነበረው ካሜራ ሁሉንም ስለቀረጸ ድርጊቱን ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። ድቧ ከሰውየው አልፋ ወደ ታች ከተንሸራተተች በኋላ ቋጥኙን ቧጣ እንደገና ወደ እሱ ወጣች። እሱም ባለ በሌለ ድምፁ እየጮኸ፣ ከላይ ወደ ታች በቡጢና በእርግጫ ደጋግሞ መታት፤ በመጨረሻም ትታው ሄደች። ሰውየው በኋላ እንዳስረዳው ድቧ ግልገሏን እየጠበቀች ነበር።

ተመልካቹ ሁሉ ያደነቀው ቡጢውን ነው። እኔ ግን ፊልሙን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ስለታማ ሸንተረር ላይ አንዲት እርምጃ በድንጋጤ ወደ ኋላ ማለት ገደል መግባት ማለት ነው፤ ድብ ያልገደለውን ሰው ቋጥኙ ይገድለዋል። ሰውየው የቆመባትን ቦታ አለመልቀቁና ድቧ ስትመለስ ከእሷ በላይ መሆኑ ከክንዱ ብርታት ያላነሰ ጠቅሞታል። ተራራ ላይ አውሬ ሲገጥማችሁ፣ ዓይናችሁን ከእንስሳው ሳትነቅሉ በቅድሚያ እግራችሁ የረገጠውን አጽኑ የምለው ለዚህ ነው። መሮጥማ ከቶ አይታሰብም፤ ድብ በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሮጥ ይችላል።

ይህን ስል ግን ሁልጊዜ መታገል ይገባል ማለቴ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ፓርኮች የሚሰጠው ትምህርት እንደ እንስሳው ዓይነት ይለያያል፤ ግልገሏን የምትከላከል ቡናማ ድብ ከያዘችህ ቦርሳህን ሳታወልቅ በሆድህ ተኛ፣ ጣቶችህን አቆላልፈህ ማጅራትህን ሸፍን ይላል፤ ሥጋቱ እንዳበቃ ካመነች ትታህ ትሄዳለችና። ፑማን፣ ማለትም በአሜሪካ የሚኖረውን ትልቅ የዱር ድመት፣ በሚመለከት ግን መተኛት ፈጽሞ አይመከርም፤ ፑማ የሚመጣው ሊያድን ነውና የተኛ ሰው ለእሱ የወደቀ ግዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 በኮሎራዶ ሆርስቱዝ ተራራ ላይ ብቻውን ሲሮጥ የነበረ ሰው ከኋላው ኮሽታ ሰምቶ ቢዞር ገና ያልጎለመሰ ፑማ ተከትሎታል። እጆቹን ዘርግቶ ቢጮህም እንስሳው ዘሎ የእጁን አንጓ ነከሰውና አልለቅ አለው። በድንጋይ ጭንቅላቱን ቢመታውም አልሆነለትም፤ በመጨረሻ በእግሩ ጉሮሮውን ረግጦ አፍኖ ገደለው። ከዚያም ፊቱና እጁ እየደማ፣ ሌላ አውሬ ይከተለኝ ይሆን እያለ፣ ሰው እስኪያገኝ ድረስ መንገዱን ቁልቁል ቀጠለ። ብቸኛ ተጓዥ ይህን የመጨረሻውን ክፍል ልብ ሊለው ይገባል፤ ቁስሉን የሚያስርለትም፣ ደግፎ የሚያወርደውም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ደሙን በጨርቅ አጥብቆ ተጭኖ ማቆም ነው፤ ሩጫ ደም ያፈሳል።

በአገራችን ተራሮች ድብ የለም፤ በአፍሪካ የነበረውም በሰሜን በአትላስ ተራሮች ብቻ ሲሆን እሱም ከጠፋ ቆይቷል። የእኛ ጉዳይ ከነብርና ከጅብ ጋር ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሮ ስለሚሄድ ብቸኝነት እምብዛም አያሰጋም። እንጦጦን በመሳሰሉ ቅርብ ተራሮች ግን ገና ሳይነጋ ብቻቸውን የሚወጡ አባላት እንዳሉን አውቃለሁ፤ ያ ሰዓት ደግሞ ጅቡ ወደ ጎሬው የሚመለስበት ነው። ጅብ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገርን፣ መብራት የያዘን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል፤ የሚደፍረው የሚሮጠውንና የተኛውን ነው። ነብር ካያችሁ ደግሞ መሸሻውን አትዝጉበት፤ ጀርባ ሳትሰጡ፣ ዓይን ለዓይን ሳታፈጡ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ። ፊሽካውና የእጅ ባትሪው አንገት ላይ ወይም ኪስ ውስጥ ይሁኑ፤ ቦርሳ ሥር ተቀብረው የሚገኙ ከሆነ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በመጨረሻ አንድ ብዙ ሰው ችላ የሚለውን ነገር ልጨምር። ንክሻው ትንሽ ቢመስልም፣ ጫር ያደረገ ብቻ ቢሆንም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከዱር አውሬም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደሙ እንደቆመ፣ ውኃ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያም ሳታድሩ ክትባቱ ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም ሂዱ፤ የታዘዘላችሁንም መርፌ እስከ መጨረሻው ተወጉ። ብቻውን ለመውጣት የቆረጠ አባል ደግሞ የሚሄድበትን መስመርና የሚመለስበትን ሰዓት ጽፎ ለአንድ ሰው ትቶ ይውጣ። ቅጹ በር ላይ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧልና ስትወጡ አንዳንድ ቅጂ ውሰዱ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።